የእንጉዳይሽ ግንድ የረዘመው አየር አጥቶ ነው

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ዘር የገባበት የኦይስተር እንጉዳይ ከረጢት ገዛሁ፤ ሦስት ኪሎ ይሆናል። ሻጩ ‹እርጥበት ይወዳል፣ ሸፍነሽ ውሃ እየረጨሽ ጠብቂ› ስላለኝ በትልቅ ፌስታል ሸፍኜ መታጠቢያ ቤት አስቀመጥኩት። ቡቃያው ቶሎ ወጣ። ግን ግንዱ ረዝሞ ቆቡ የአዝራር ያህል ሆኖ ቀረ። ፌስታሉን ሳነሳለት ደግሞ ደረቀ። ግንዱ ሥር ነጭ ጸጉር የመሰለ ነገር አለው። ሻጋታ ነው? ልጣለው ወይስ ሁለተኛ ዙር ይሰጣል? ለገና ጾም ይደርስልኛል? ሻጩ ከአንድ ከረጢት አምስት ኪሎ ይገኛል ብሎኛል። ሌላም የሚያሳስበኝ አለ፤ የስድስት ዓመት ልጄ አስም አለበት።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ አትጣይው። ከጻፍሽው እንደተረዳሁት ከረጢትሽ ጤነኛ ነው፤ ዘሩም ደህና ነው። መጀመሪያ ያጣው አየር ነው። ቀጥሎ ፌስታሉን በአንዴ ስታነሺበት እርጥበት አጣ። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተከታትለው ደረሱበት እንጂ በሽታ አልያዘውም።

ይሄ በጣም የተለመደ ነው። ቤታቸው ሞክረው ከሚልኩልኝ ፎቶዎች ውስጥ ብዙዎቹ ያንቺን ይመስላሉ፤ ረጅም ነጭ ግንድ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሚጢጢ ቆብ። እንጉዳይ እርጥበት እንደሚወድ ሰው ሁሉ ሰምቷል። እውነትም ይወዳል። እንጉዳይ እንደሚተነፍስ የሚነግር ግን ጥቂት ነው። ሰው እርጥበቱን እጠብቃለሁ ሲል አፍኖ ያስቀምጠዋል።

ከረጢቱ ውስጥ ምን እንዳለ ልንገርሽ፤ ይሄን ካወቅሽ የቀረው ቀላል ነው። እጅሽ ሲገባ ዋናው ሥራ አልቋል። አምራቹ የተከተፈ ገለባ ወይም የጥጥ ፍሬ ቅርፊት ወይም ሰጋቱራ በሙቀት አጽድቶ፣ እህል ላይ ያደገ የእንጉዳይ ዘር ቀላቅሎበት፣ ሳምንታት ጠብቆታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ነጩ ድር፣ ማይሲሊየም የምንለው፣ ከረጢቱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። እንጉዳዩ እሱ ነው። እኛ የምንበላው ፍሬውን ነው።

ይህ ድር ገለባውን እየበላ ይኖራል። ኦይስተር እንጨት የሚበላ ዝርያ ነው፤ በዱር የሚበቅለው በሞተ ግንድ ላይ ነው። እንጨትን ጠንካራ የሚያደርገውን ሊግኒን የሚባል ነገር ሳይቀር ያፈርሳል። ሲበላ ደግሞ እንደኛ ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ያስገባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። እንጉዳይን ከአትክልት ስለምንቆጥረው ይሄን እንረሳዋለን። አትክልት ቀን ላይ በብርሃን ምግቡን ሲሠራ ካርቦኑን መልሶ ይወስደዋል። እንጉዳይ ግን ቀንም ሌትም ማውጣት እንጂ መውሰድ የለም።

ውጭ ያለው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ነው። ኦይስተር ቆቡን በደንብ እንዲዘረጋ ከ1,000 በታች ይፈልጋል። በርና መስኮቱ ተዘግቶ ሰው የሚያድርበት መኝታ ቤት እንኳ ከዚህ ቁጥር በቀላሉ ያልፋል። በፌስታል የታፈነ ሦስት ኪሎ ሕያው ነገር ደግሞ ምን ያህል እንደሚያልፍ አስቢው። እንጉዳዩ ታፍኗልና ንጹህ አየር ወዳለበት ለመድረስ ግንዱን ያረዝማል። ቆቡን የሚዘረጋው ስፖሩን፣ ማለትም እንደ ዘር የሚራባበትን ደቃቅ ዱቄት፣ የሚበትንበት ክፍት ቦታ ሲያገኝ ስለሆነ እስከዚያ ድረስ ትንሽ አድርጎ ይይዘዋል። ያየሽው ይሄንኑ ነው።

ሻጩም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ነጩ ድር በሚሰራጭበት ጊዜ ከረጢቱ ታፍኖ ነው የሚቆየው፤ ካርቦኑም አይጎዳውም። ፍሬ ማውጣት ሲጀምር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሻጩ የነገረሽ ለመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሠራውን ነው። አንቺ የገዛሽው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የደረሰ ከረጢት ነው።

አሁን ወደ ነጩ ጸጉር። ግንዱ ሥር ያየሽው ጥጥ የመሰለው ነገር ራሱ እንጉዳዩ ነው። አየር ሲያንስና እርጥበት ሲበዛ ድሩ ግንዱ ላይ ተመልሶ ይበቅላል። ይበላል፤ ምንም አይልም። ካልወደድሽው ጠርገሽ መጣል ነው። ከሻጋታ የምትለይው በቀለሙ ነው። ብዙ ጊዜ ከረጢት የሚያጠፋው ትራይኮደርማ የሚባለው ሻጋታ ሲጀምር ነጭ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ግን አረንጓዴ ይሆናል። ጥቁር፣ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ዱቄት ካየሽም እንግዳ ገብቷል ማለት ነው። ነጭ ሆኖ ነጭ እንደሆነ ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ የራስሽ ነው። በማሽተትም ለይው። ጤነኛ ከረጢት ዝናብ የመታው ጫካ መሬት ይሸታል። የሆመጠጠ ወይም የበሰበሰ ሽታ ካለው ውስጡ ውሃ አቁሮ ባክቴሪያ ገብቶበታል።

ቦታውን ልንገርሽ ስል መጀመሪያ የማስበው ልጅሽን ነው። የደረሰ ኦይስተር ከቆቡ ሥር ካሉት ቀጫጭን መስመሮች እጅግ ብዙ ስፖር ይለቃል። ጠረጴዛ ላይ ነጭ ዱቄት ሆኖ ሲቀመጥ በዓይን ይታያል። በትልልቅ የእንጉዳይ እርሻዎች ይህን ለዓመታት የሚተነፍሱ ሠራተኞች በሳንባ ሕመም ሊያዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ጭምብል አድርገው ነው የሚሠሩት። በጊዜ የሚለቀም አንድ ከረጢት ጤነኛ ሰው ባለበት ቤት ብዙም አያሰጋም። አስም ያለበት ሕፃን ሲኖር ግን ምክሬ አጭር ነው፤ ከረጢቱ ቤት ውስጥ አይደር። በረንዳ ላይ አውጪው። በረንዳ ከሌለሽና ኮሪደሩ ክፍት ከሆነ ጎረቤት አስፈቅደሽ እዚያ አድርጊው። ልጁ ማሳል ወይም ደረቱ ማፏጨት ከጀመረ ደግሞ ከረጢቱን ጭራሽ ከቤት አርቂው፤ ለሐኪሙም ስለ እንጉዳዩ ንገሪው። ሃያ ኪሎ እንጉዳይ ቢገኝበት እንኳ የልጅ ትንፋሽ ይቀድማል።

ዋናው መከላከያ ግን በጊዜ መልቀም ነው። የቆቡን ጠርዝ እዪ። ወደ ታች ትንሽ ታጥፎ እያለ ልቀሚው። ጠርዙ ተስተካክሎ ወይም ወደ ላይ ተገልብጦ ከሆነ ዘግይተሻል፤ ስፖሩ ተለቋል፣ ጣዕሙም ወርዷል። ቡቃያው ከታየ በኋላ በየቀኑ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ጠዋት «ነገ ይደርሳል» ያልሽው ማታ ሊደርስ ስለሚችል በቀን ሁለት ጊዜ እዪው። የምትለቅሚውም አንቺ ሁኚ እንጂ ልጁ አይሁን። ለሕፃን ደስ የሚል ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ቡቃያ ሲወጣ ከርቀት ቢያይ ይበቃዋል።

መታጠቢያ ቤት የሚለውን እርሺው። ልጅሽ ባይኖርም አልመክርሽም ነበር። አየሩ ቆሟል፤ በረኪና፣ ሳሙናና የሽቶ ርጭት አለበት። እንጉዳይ ያገኘውን ሁሉ የሚመጥ ነገር ነው፤ የምትበይውም እሱን ነው።

እንግዲህ ሥራ እንጀምር። መጀመሪያ የደረቁትንና የረዘሙትን ቡቃያዎች በሙሉ አንሺ። እጅሽን ታጥበሽ፣ ጥቅሉን ከሥሩ ይዘሽ፣ ጠምዝዘሽ አውጪው። በቢላ ቆርጠሽ ጉቶውን አትተይ፤ ጉቶው ይበሰብስና ትንኝ ይጠራል። ፈትል የሆነ ነገር ከቀረ በንጹህ ማንኪያ ፍቀሽ አንሺ። ያወጣሽው ትኩስ ሆኖ ሽታው ደህና ከሆነ ይበላል፤ ትንሽ ይጠነክራል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም። ደርቆ የቆየውን ግን ጣይው።

ቀጥሎ መዝኚው። ሚዛን ከሌለሽ ሰፈርሽ ያለው ሱቅ ይመዝንልሻል። ሲገዛ ሦስት ኪሎ ከነበረ፣ አሁን ደግሞ ሁለት ኪሎ ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ውስጡ ገና ብዙ ውሃ አለው ማለት ነው፤ መንከር አያስፈልገውም። ያንቺ እንዲህ የሚሆን ይመስለኛል፤ ትልቅ ምርት ገና አልሰጠምና። ከዚያ በታች ከወረደ ማታ ንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ንከሪው። ስለሚንሳፈፍ ላዩ ላይ የከበደ ሳህን አድርጊበት። ጠዋት አውጥተሽ ላስቲኩ በተቆረጠበት በኩል ዘቅዝቀሽ አንጠፍጥፊው። ውሃ አቁሮ የተቀመጠ ከረጢት ይሸታል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጄሪካን ውስጥ የቆየ ውሃ እንጠቀማለን። ብዙ ቀን የከረመ ከሆነ አፍልተሽ፣ አቀዝቅዘሽ ተጠቀሚ።

ሰው የከረጢቱን ላስቲክ ብዙ ቦታ ከቀደደ ብዙ የሚያፈራ ይመስለዋል። አያፈራም። ጉልበቱ ይበታተንና ትንንሽ ይሆናል፤ ከረጢቱም ቶሎ ይደርቃል። ላንቺ ሦስት ኪሎ ሁለት ቁርጥ ይበቃዋል። አንዱ አሁን ያለው ነው። ሌላውን በተቃራኒው ጎን በአልኮል በተጠረገ ምላጭ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ቁረጪ። ላስቲኩ ከሌላው ቦታ ሁሉ አይነካ።

አሁን ዋናው ነገር፣ ቤቱ። አየርና እርጥበት እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አየር ስትሰጪው ይደርቃል፣ ስትሸፍኚው ይታፈናል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ለከረጢቱ ትንሽ ድንኳን መሥራት ነው። ሰፊ ሳፋ ውሰጂ። ታቹ ላይ ጠጠር ወይም ትንንሽ ድንጋይ አድርጊና ድንጋዩን የማያልፍ ውሃ ጨምሪበት። ከረጢቱን በተገለበጠ ሳህን ላይ አስቀምጪው፤ ውሃውን አይንካ። የልብስ መስቀያ ሽቦ ዘርግተሽ ወይም አራት ዘንግ አቁመሽ ከላይ ግልጽ ላስቲክ ጣይበት። ላስቲኩ ከረጢቱን አይንካ። ከታች ዙሪያውን አንድ ጋት ያህል ክፍት ይሁን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር በዚያ በኩል ይወጣል። ከላይ ደግሞ ጣት የሚያስገቡ ጥቂት ቀዳዳዎች ብሺለት፤ አዲስ አየር በዚያ ይገባል።

ውሃውን የላስቲኩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እርጪ። ጠብታ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ እንዲቆይ ነው የምንፈልገው። ቡቃያው ላይ በቀጥታ አትርጪ፤ በተለይ የክብሪት ራስ ያህል ሲሆን። ቆቡ ላይ ውሃ ከቆመ ቢጫ ቡግር ያወጣና ይለሰልሳል፤ እሱ የባክቴሪያ ሥራ ነው። በጠዋት፣ ቀትር ላይና ማታ መርጨት ይበቃል። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ አየሩ በጣም ስለሚደርቅ የቀትሩን አትዝለይ። ሥራ የምትውይ ከሆነ ጠዋት ስትወጪ የረጠበ ንጹህ ፎጣ በድንኳኑ አንድ ጎን ላይ ጣይና ሂጂ። ስትረጪ ሁሉ ላስቲኩን ገልጠሽ በካርቶን ቁራጭ ሁለት ሦስት ጊዜ አራግቢለት። በረንዳ ላይ ነፋስ ካለ በነፋሱ በኩል ካርቶን አቁሚ፤ ነፋስ የመታው ቡቃያ ይሰነጠቃል።

ብርሃን ያስፈልገዋል። ጨለማ ይወዳል የሚባለው ለኦይስተር አይሠራም። ጋዜጣ ለማንበብ የሚበቃ የቀን ብርሃን ይኑር እንጂ ፀሐይ በቀጥታ አትንካው።

ሙቀቱ አያሳስብሽ። ተራው ግራጫ ኦይስተር በተፈጥሮው የብርድ ጊዜ እንጉዳይ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጫካ ላይ የሚወጣው ቅጠል በሚረግፍበትና በብርዱ ወራት ነው፤ ብርዱ ራሱ ቡቃያ ያስወጣዋል። ከ12 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ውስጥ ቆቡ ወፍራምና ቀለሙ ደማቅ ይሆናል። የአዲስ አበባ ቀን ለዚህ ተስማሚ ነው። ሌሊቱ ከ10 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ያን ጊዜ እድገቱ ይዘገያል፣ አይሞትም። ማታ ካርቶን ብትደፊበት ጥሩ ነው፤ ጠዋት ግን ማንሳቱን እንዳትረሺ። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ብትኖሪ ሌላ ምክር ነበር የምሰጥሽ። ሮዝ ቀለም ያለው ኦይስተር ሙቀት ስለሚወድ አዲስ አበባ በኅዳር ብርድ ያኮርፋል። ስለዚህ ዝርያውን ሻጩን ጠይቂው። ግራጫ ወይም ነጭ ካለሽ ደህና ነው።

ከዚህ በኋላ እንጉዳዩ ራሱ ይነግርሻል። ግንድ ረዝሞ ቆቡ ካነሰ፣ ወይም ሥሩ ጥጥ ካበቀለ፣ አየር ጨምሪለት፤ የታቹን ክፍተት አስፊ። የቆቡ ጠርዝ ከተሰነጠቀ፣ ቡቃያውም ቡናማ ሆኖ ከቆመ፣ ደርቋል፤ ክፍተቱን አጥብበሽ ርጭቱን አብዢ። ቆቡ ረጥቦ የሚያጣብቅና የሚቀላ ከሆነ ውሃው በዝቷል። በቀን አንዱን ብቻ ለውጪና ውጤቱን ጠብቂ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከለወጥሽ የትኛው እንደረዳ አታውቂም።

ለገና ጾም ይደርሳል ወይ? ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ቡቃያውን ዛሬ ካነሳሽ አዲስ ቡቃያ የሚታየው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ነው። በብርዱ ምክንያት ወደ ሁለት ሳምንቱ ያጋድላል። ከዚያ ለመድረስ ሌላ አምስት እስከ ሰባት ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለመግቢያው አይደርስም፤ ጾሙ ከገባ በኋላ ግን በደንብ ይደርሳል። ይሄን ከለቀምሽ በኋላ መዝነሽ፣ ነክረሽ፣ እንደገና ከጠበቅሽ ደግሞ ሌላ ዙር ከገና በፊት ልታገኚ ትችያለሽ። ከሦስት ዙር በኋላ አትልፊ። ምግቡ አልቋል፤ ሻጋታ ተራውን ይጠብቃል።

አምስት ኪሎ የተባልሽው ግን አይሆንም። ይሄን ሆን ብዬ አብራራዋለሁ፤ ብዙ ሰው በዚህ ተስፋ ገንዘቡን እያፈሰሰ ነውና። ሦስት ኪሎ ከረጢት ውስጥ ሁለት ኪሎ የሚሆነው ውሃ ነው፤ ደረቁ ነገር አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ትኩስ እንጉዳይ ከአሥር እጁ ዘጠኙ ውሃ ነው። አምስት ኪሎ እንጉዳይ እንዲወጣ አራት ኪሎ ተኩል ውሃ ያስፈልጋል፤ ከረጢቱ የያዘው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ነክረሽ ውሃውን ብትተኪ እንኳ ግማሽ ኪሎ ደረቅ አካል ከአንድ ኪሎ ገለባ መውጣት አለበት፤ ድሩ ደግሞ ከበላው ብዙውን በትንፋሽ አየር አድርጎ ያወጣዋል። በሙያው ጥሩ የሚባለው ምርት ከአንድ ኪሎ ደረቅ ማብቀያ አንድ ኪሎ ትኩስ እንጉዳይ ነው። ለዚያ ሙቀቱንና እርጥበቱን የሚቆጣጠሩበት ቤት ያስፈልጋል። ቤትሽ ውስጥ በሁሉም ዙር ተደምሮ ከግማሽ ኪሎ እስከ ሰባት ስምንት መቶ ግራም ካገኘሽ በጣም ጥሩ ሠርተሻል። የመጀመሪያው በደንብ የወጣ ዙር ትልቁ ይሆናል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። ከረጢቱን የገዛሽበትን ዋጋ በዚህ አካፍይው። የቤት ከረጢት የሚገዛው ትኩስ ለመብላትና ለመማር ነው። ለንግድ የሚያስብ ሰው ከረጢት ከመግዛት ይልቅ ማዘጋጀቱን መማር አለበት።

አረንጓዴ ሻጋታ ከመጣስ? ቁርጡ ላይ እንደ ጥፍር ያህል ብቻ ከሆነ ከረጢቱን ከቤት አውጥተሽ፣ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ከዙሪያው ካለው ነጭ ጋር አስፍተሽ በማንኪያ ቆርጠሽ አውጪው። ማንኪያውን በፈላ ውሃ እጠቢ። በሁለት ቀን ተመልሶ ከመጣ ወይም ከውስጥ በላስቲኩ በኩል አረንጓዴ ከታየ አበቃ፤ በፌስታል አስረሽ አስወግጂው። ልጅሽ ባለበት ቤት ውስጥ አትክፈቺው። በረኪናም ፍሊትም አትርጪበት። ትንንሽ ዝንቦችን ለመያዝ ቢጫ ወረቀት ላይ ዘይት ቀብተሽ አጠገቡ ስቀዪ፤ ይጣበቁበታል። ዝንቦቹ የሚመጡት የበሰበሰ ጉቶና የቆመ ውሃ ሲያገኙ ነው። የሳፋውን ውሃ በሁለት ሦስት ቀን ቀይሪው።

ለቅመሽ ስታበቂ እንዴት እንደሚበላ ልንገርሽ፤ እዚህ ላይም ብዙ ይበላሻል። አትዘፍዝፊው፤ ውሃ ይጠጣል። ቆሻሻ ካለው በጨርቅ ጥረጊና በእጅሽ ወደ ታች ሰንጥቂው። ጥሬውን አትብይው፣ ለልጁም አትስጪ፤ ጥሬ እንጉዳይ ለሆድ ከባድ ነው። መጥበሻውን በደንብ አግለሽ ያለ ዘይት ጨምሪው። ውሃውን ይለቃል፤ ውሃው እስኪመጥ ጠብቂ። ከዚያ ዘይት፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በመጨረሻ ቃሪያና ጥቂት ጨው። ጨው መጀመሪያ ካደረግሽ ውሃውን በአንዴ ይለቅና ተቀቅሎ ይቀራል። ለጾም ጥብስ በዚህ መንገድ ሲሠራ ጠርዙ ቡናማ ሆኖ ይጣፍጣል። በበርበሬ ቁሌት ወጥ ማድረግም ይሆናል፤ ግን እንጉዳዩን ለብቻው ጠብሰሽ መጨረሻ ላይ ጨምሪው።

«ሥጋ ይተካል» ሲሉሽ ግን በመጠኑ ስሚው። 100 ግራም ትኩስ ኦይስተር ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሦስት ግራም ገደማ ነው። በጾም ፕሮቲኑን የሚሰጥሽ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ነው። እንጉዳዩ ለጣዕሙ፣ ለቃጫውና ለቢ ቫይታሚኖቹ ጥሩ ነው። ሌላም አለ። ከማብሰልሽ በፊት ሰንጥቀሽ፣ የታቹን መስመር ወደ ላይ አድርገሽ፣ ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ብታሞቂው በውስጡ ቫይታሚን ዲ ይፈጠራል። የአዲስ አበባ ፀሐይ ለዚህ ብርቱ ነው።

የተረፈሽን በወረቀት ከረጢት አድርገሽ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፤ አምስት ቀን ያህል ይቆያል። በፌስታል ከታሰረ ያልበውና ያዝለገልጋል። ከበዛብሽ ቀጭን ሰንጥቀሽ በፀሐይ አድርቂ። በረንዳሽ ላይ ይሄን ካሳደግሽ በኋላ ክረምት ሲመጣ ሜዳ ላይ የምታይውን የጅብ ጥላ ሁሉ እንዳትደፍሪ። ከሚበሉት ጋር በጣም የሚመሳሰሉ ገዳይ ዝርያዎች አሉ፤ መቀቀልም መርዛቸውን አያጠፋውም።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፤ ሁሉም ቀጥሎ የሚጠይቀው ነውና። ከዚሁ ከረጢት ሌላ ማባዛት ይቻላል። የሚሻለው ከመጀመሪያው ጥሩ ዙር በኋላ፣ ድሩ ገና ነጭና ጠንካራ ሳለ ነው፤ ሲደክም አይሆንም። የስንዴ ገለባ ወይም የጤፍ ጭድ ከጣት ባነሰ ርዝመት ከትፈሽ አርጥቢ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ለገለባ ግን ይሄ ይበቃል፤ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሙቅ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ተኩል መቆየት ነው የሚያስፈልገው። እህል ላይ ዘር ለማሳደግ የሚያስብ ሰው ነው የግፊት ድስት የሚያስፈልገው። ገለባውን አውጥተሽ አንጠፍጥፊ። ጨብጠሽ ስትጨምቂው ጥቂት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። እጅሽ እስኪችለው ሳይሆን ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ፤ ሙቀት ድሩን ይገድለዋል። ከዚያ አንድ እጅ አሮጌውን ፈርፍረሽ ከሦስት እጅ አዲስ ጋር ቀላቅለሽ፣ ንጹህ ላስቲክ ውስጥ ጠቅጥቀሽ፣ አፉን አስረሽ፣ ጥቂት ቀዳዳ በመርፌ ወግተሽ፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪው። እዚህ ደረጃ ላይ ፍሬ ስለሌለው ስፖር አያወጣም፤ ቤት ውስጥ ቢሆንም ይቻላል። ነጭ ሆኖ እስኪሞላ ሦስት አራት ሳምንት ይፈጃል። ሲሞላ ወደ በረንዳው ድንኳን ይውጣ። የመጀመሪያ ሙከራሽ ስለሚሆን ከረጢቱን ሙሉ አትፍርፍሪው፤ ግማሹን ብቻ ወስደሽ ሌላው ግማሽ ማፍራቱን ይቀጥል።